ሁለቱም መንገድ ወደ እሱ

የእሳት አደጋ መኪናዋ ሄዳ ቀረች። የቆሻሻ መኪናውም ሄዶ ቀረ። አምቡላንሱ፣ የተማሪዎቹ አውቶቡስ፣ የዳቦ ቤቱ ሚኒባስ፣ ሁሉም ከመርፌቀዳዳ ከተማ ወጥተው በዚያ በሚያምረው አዲስ መንገድ ነጎዱ፤ አንድም የተመለሰ የለም። ቤቶቹ በየተራ መብራታቸው ጠፍቶ በራቸው ላይ «ባዶ» የሚል ምልክት ወጥቶባቸዋል።

እሾኬ ኮምፒውተሩን የከፈተችው ካውያው እስኪግል ብላ ነበር። ካውያው ግሎ የተዘረጋውን ጨርቅ ሊያሳርረው ደረሰ፤ እሷ ግን አፏን ከፍታ ስክሪኑ ላይ ቀረች።

«ምን ጉድ ነው ይሄ? ሕዝቤን ማን ወሰደብኝ?» ብላ ጮኸች።

«ምን ሆንሽ?» አሉ አባቷ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ካለው አልጋቸው።

«ከተማዬ ወና ሆነ!»

«የኮምፒውተሩ ነው?»

«የኮምፒውተሩ ነው።»

«እኔ ደግሞ ሌባ የገባ መስሎኝ። በይ ካውያሽን አንሺ፣ ጨርቅ ሸተተኝ።»

ካውያውን አነሳች። የጨርቁ ጠርዝ ቡናማ ሆኗል። ይሄም የእሱ ጥፋት ነው አለች በሆዷ። «እሱ» ማለት መነጽረኛው ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። እሾኬ መጋረጃ ሰፊ ናት። ዕድሜዋ አርባን ተሻግሯል፤ በስንት እንደተሻገረ የሚጠይቃትን ሰው ስፒል በከንፈሯ ይዛ ታየዋለች፣ ሰውየው ሁለተኛ አይጠይቅም። ሱቋና ቤቷ አንድ ነው። ከፊት የስፌት ማሽኑ፣ የጨርቅ ጥቅልሉና ሰፊው መቁረጫ ጠረጴዛ፤ ከኋላ ደግሞ እግራቸው እምቢ ያላቸው አባቷ። መሃሉን የሚለየው ራሷ የሰፋችው ከባድ መጋረጃ ነው፤ ድምፅ ግን አይከለክልም። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲኒማ ቤት በር ላይ ትኬት ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ በመጋረጃው ማዶ የሚሆነውን ሁሉ እንደ ፊልም ነው የሚከታተሉት።

ጌሙን የጫነችላት የወንድሟ ልጅ ናት። «አክስቴ፣ ከተማ የምትሠሪበት ነው» ስትላት፣ «የገዛ ጣሪያዬን ያላስጠገንኩ ሰው ከተማ ልሥራ?» ብላ ስቃባት ነበር። ሳምንት ሳይሞላ የውሃ መስመር ስትዘረጋ ተገኘች። ከእሷ ከተማ በታች፣ በዚያው ወንዝ ዳር፣ ሌላ ሰው የሚገነባት ብርሃኔ የምትባል ከተማ ነበረች። አንድ ቀን የብርሃኔ ባለቤት «ይቅርታ እመቤት፣ ፋብሪካዎን ወንዙ ራስ ላይ ስለተከሉት ሕዝቤ በሽታ ላይ ወድቋል» ብሎ ጻፈላት። እሷም «ወንዙ የአባትህ ነው?» ብላ መለሰችለት። ፍቅራቸው የተጀመረው እንዲህ ነው። ጽጌረዳ የለ፣ ጨረቃ የለ፤ የቆሸሸ ወንዝ ነው።

ከጽሑፍ ወደ ስልክ፣ ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» ሲመጡ፣ ሰውየው መነጽር ሠሪ መሆኑን፣ የሚኖርበት ከተማ በአውቶቡስ ግማሽ ቀን እንደሚያስኬድ፣ ሱቁም ዋናው ጎዳና ላይ ፊቱ ሁሉ መስታወት የሆነ ሱቅ እንደሆነ አወቀች። ወላጆቹ ሲሞቱ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ የተማረ ነው። እሾኬ ፊደል ቆጥራ፣ ቁጥር ለይታ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን የተማረችው ከመቀስ ነው። መነጽረኛው ሁለቴ መጥቶ አይቷታል፤ ከአባቷ ጋርም ተጫውቶ፣ ስቆ፣ አስቆ ሄዷል። በሁለተኛው ጊዜ አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል አንገቱን በመስኮት አወጣና «እንጋባ!» አላት።

«ይሄን ለማለት አውቶቡስ ላይ እስክትወጣ ትጠብቃለህ?» ብላ ጮኸችበት። አውቶቡሱ ሄደ።

ያልተነገረ አንድ ነገር ግን በመሃላቸው ቀረ። ተጋብተው የት ነው የሚኖሩት? እሷ አባቷን ትታ አትሄድም፤ ይሄን እሱ ያውቃል ብላ ታስባለች። «እኔ እመጣለሁ» እስኪላት ትጠብቃለች። እሱ ስለ አየሩ፣ ስለ ሌንሱ፣ ስለ ወንዙ ያወራል፤ ይህቺን ቃል ግን አይወልዳትም።

መንገዱ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ሁለቱን ከተሞች እናገናኝ አለ። ጌሙ የራሱ የተዘጋጀ ባለ አካፋይ መንገድ አለው፤ መሃሉ ላይ ሲሚንቶ የተደረደረበት፣ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ የሚሄድ። እሷ ያንን ልትዘረጋ ስትል ከለከላት።

«ይሄማ መጫወቻ ነው» አላት በስልክ። «እውነተኛ አገር አቋራጭ መንገድ እንዲህ አይደለም። መሄጃውና መምጫው ለየብቻ ነው የሚሠራው። ኮረብታ ሲያጋጥማቸው አንዱ በላይ፣ አንዱ በታች ያልፋል። መሃላቸው ዛፍ ይበቅላል፤ አንዳንዴም ሜዳ ይገባል። ግን አይጠፋፉም። በአንዱ የሚሄድ ሰው ሌላኛውን አሻግሮ ያየዋል። ከተማ ሲቃረቡ ደግሞ ቀስ እያሉ ይጠጋጋሉ።»

ያን ቀን እሾኬ ስልኩን ከዘጋች በኋላ የሰፋችው መጋረጃ ሽንሽኑ ሁሉ ተዛንፎ ወጣ። ሰው ስለ አስፋልት እያወራ እንዲህ ሆድ ያባባል?

ተካፈሉት። አንዱን መስመር እሷ፣ ሌላውን እሱ። ምን ያልተጨቃጨቁበት አለ! «ኩርባሽ ሾለ» ይላታል፤ «ኩርባዬን ተወኝ» ትለዋለች። የኮረብታውን ወገብ ደጋግማ አፍርሳ ሠራችው። መሃል ላይ መዞሪያ እናድርግ ስትለው «አሁን አይደለም፣ ውበቱን ይሰብረዋል፤ መጨረሻ ላይ» አላት። እሷ የራሷን መስመር ቀድማ ጨረሰች። እሱ የራሱን ትናንት ጨርሶ ሁለቱንም ከፈታቸው። ዛሬ መርፌቀዳዳ ባዶ ናት።

መንገዱን አቅርባ አየችው። መኪና ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳዩ ነጫጭ ቀስቶች አሉ። በእሷ መስመር ላይ ያሉት ወደ ብርሃኔ ይጠቁማሉ፤ ልክ ነው፣ መሄጃው የእሷ ነው። በእሱ መስመር ላይ ያሉትም ወደ ብርሃኔ ይጠቁማሉ! መምጫ የለም። ሁለቱም መንገድ ወደ እሱ ነው የሚሄደው፤ መዞሪያ እንኳን የለውም።

ይሄ ብቻ ቢሆን ተሳድባ፣ ስቃ ባለፈችው። ግን ትናንት ከሰዓት ርዕሰ መምህርቷ ደውላላት ነበር።

«ደህና ነሽ እህቴ?» አለች፣ ተማሪ በምትቀበልበት ድምፅ።

«ይመስገን፤ እርስዎስ?»

«እኛ ደህና ነን። ክፍላችሁን ቀለም አስቀባነው። ፀሐይ የሚገባበት ነው፣ ትወጂዋለሽ። ስለ አባትሽም አታስቢ። አረጋውያን የሚጦሩበት ደህና ቦታ እዚያው እናንተ ጋ እንዳለ አጣርቻለሁ፤ ንጹሕ ነው፣ ሐኪም አለው። አንቺም የራስሽን ኑሮ ኑሪ እንጂ፤ ዕድሜ አይጠብቅም።»

«ይሄን ወንድምዎ ነው ያለው?»

«እሱማ ዓይነ አፋር ነው። ተወው፣ እኔ እነግራታለሁ አልኩት።»

እሾኬ «ደህና ይዋሉ» ብላ ዘጋችው። በጣም ስትናደድ ጨዋ ትሆናለች። አሁን ግን ቀስቶቹን ስታይ ነገሩ ሁሉ በአንድ ክር ተሰፋላት። ክፍሉ ተቀብቷል። አባቷ ቦታ ተገኝቶላቸዋል። መንገዱ ተከፍቷል። መመለሻ የለም። ስልኳን አነሳችና በአንድ ጣቷ ፊደሉን እየፈለገች ጻፈችለት፦ «ሁለቱም መንገድ ወደ አንተ ነው የሚሄደው። ገባኝ።»

መልሱ ወዲያው መጣ። «አዎ! አያምርም?»

አያምርም አላት! ደግማ አነበበችው፤ እዚያው አለ። ስልኩን የጨርቅ ጥቅልል መሃል ወሸቀችው። ቀኑን ሙሉ እዚያ ውስጥ እንደታፈነ ንብ ሲጮህ ዋለ። አላነሳችውም። በጮኸ ቁጥር ግን ልቧ አብሮ ይነሳ ነበር፣ ከሁሉ የበለጠ ያናደዳትም ይሄ ነው።

*

ከሰዓት በኋላ የፋርማሲዋ ባለቤት መጋረጃዋን ልትወስድ መጣችና ዘርግታ ስታየው ፊቷ ተቀያየረ።

«እሾኬ፣ ይሄ እኮ መሬት አይደርስም።»

«አይደርስም?»

«ጉልበቴ ላይ ነው የቀረው።»

«እና መሬቱን ከፍ አታደርጊውም?»

ሴትየዋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ማን ነው እንዲህ ያናደደሽ?»

«መንገድ ሠሪ» አለች እሾኬ። «ተይው፣ ሌላ እሰፋልሻለሁ። እኔው ነኝ ያጠፋሁት።»

ደንበኛዋ እንደወጣች ከመጋረጃው ጀርባ የአልጋው ሽቦ ሲንቋቋ ተሰማ። አባቷ ለወሬ ሲመቻቹ እንዲህ ነው።

«ቦታው ንጹሕ ነው አለች አይደል?» አሉ።

እሾኬ መቀሱን እንደያዘች ቀረች። እጇ ሥራ ላይ ስለሚሆን ስልክ ስታወራ ሁልጊዜ ድምፁን ከፍታ ነው። ትናንትም ከፍታው ነበር።

«አባባ…»

«ሐኪም አለው አለች። ሲኒማስ አለው? ጠይቂልኝ።»

«አትቀልድ።»

«ልጄ፣ እኔ የቀረኝ ፊልሙ አልቆ ስም ዝርዝሩ የሚወርድበት ሰዓት ነው። ሰው ለእሱ ብሎ አይቀመጥም፤ ኮቱን ይዞ ይወጣል። ለእኔ ብለሽ አትቅሪ።»

«ለአንተ ብዬ አይደለም የምቀረው።»

«ለምንድን ነው ታዲያ?»

«ለግትርነቴ።»

«እሱንስ እውነት ተናገርሽ። ከእናትሽ ነው የወሰድሽው።»

«እሷ ከአንተ ነው ትል ነበር።»

«እሷማ ምን የማትለው አላት!» ብለው ሳቁ። እሾኬም ሳቀች። ከዚያ ሳቁ አለቀና የመቀሱ ድምፅ ብቻ ቀረ። ትንሽ ቆይተው ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሁሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ ንጹሕ ቦታ አልወድም» አሉ።

ሰማች። መጋረጃውን ገልጣ መግባት አማራት። ግን ብትገባ ሁለቱም እንደሚያለቅሱ ታውቃለች። ከሁለት አንዳቸው ደረቅ ዓይን ያስፈልገው ነበርና ጨርቁን ይዛ ቀረች።

*

በማግስቱ ቀትር ላይ መነጽረኛው በሩን ገፍቶ ገባ።

አውቶቡስ ያጨማደደው ሸሚዝ፣ የኮምፒውተር ቦርሳ፣ ያልተላጨ ጢም። ለሰው ሁሉ ጥርት አድርጎ የሚያሳይ ሰው፣ የገዛ መነጽሩ ላይ ሁልጊዜ የጣት አሻራ አለበት። እሾኬ ስታየው መጀመሪያ ደስ አላት፤ ደስ ስላላት ተናደደች።

«ለምን ስልክ አታነሺም?» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«በምን መጣህ አንተ? ወደዚህ መምጫ አለ እንዴ?»

«በአውቶቡስ።»

«ከብርሃኔ የሚወጣ አውቶቡስ የለም። አይቻለሁ እኮ።»

«ስለ ጌሙ ነው የምታወሪው?»

«ስለ ጌሙ ነው የማወራው! ስለ ጌሙም አይደለም የማወራው!»

«እንኳን ደህና መጣህ ልጄ» አሉ አባቷ ከጀርባ።

«እንደምን ዋሉ አባቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ድምፅህን ከፍ አድርግ፣ የኋላ ወንበር ላይ ነኝ።»

እሾኬ ወንበር ስባ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠችው። «መንገድ ሥራ» አለችው።

«ምን?»

«ሥራ! አንድ መስመር ዘርጋ፣ ያኛውን እንደዘረጋኸው። እጅህን ልየው።»

ግራ ገብቶት የኮምፒውተሩን ማውዝ ያዘ። በመርፌቀዳዳ መግቢያ ላይ ጠቅ አደረገ፤ የእሷን መስመር ጎን ጎኑን እየተከተለ፣ ኮረብታው ጋ እየተጠማዘዘ፣ እስከ ብርሃኔ ጎተተው። አስፋልቱ ተነጠፈ። ነጫጭ ቀስቶቹም ከእጁ ኋላ ኋላ እየበቀሉ ሄዱ።

«ወዴት ነው የሚሄደው?» አለች።

ፊቱን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ። በጣም አስጠጋ። «ቀስቱ… እጄን ነው የሚከተለው» አለ።

«እጅህን ነው የሚከተለው።»

«ከጀመርሽበት ወደ ጨረስሽበት።»

«ከጀመርክበት ወደ ጨረስክበት! ይሄን ጌም ከእኔ በፊት ስንት ዘመን የተጫወትክ ሰው!»

«እኔ ሁልጊዜ ከራሴ ከተማ ነዋ የምጀምረው። ልብ ብዬው አላውቅም።»

«ታዲያ አሁን ምን ቆርጦህ ከእኔ ጀመርክ?»

ጆሮው ቀላ። እሾኬ የሰው ጆሮ እንዲህ ሲቀላ አይታ አታውቅም። «የአንቺን መስመር እያየሁ ነው የሠራሁት» አለ። «አንቺ ከፍ ስትዪ ከፍ እላለሁ፣ ስትዞሪ እዞራለሁ። እንዳንጠፋፋ ብዬ። ደግሞ… ከአንቺ ደጅ መጀመር ደስ አለኝ።»

እንዲህ ያለውን ስህተት ሌላ ሰው አይሠራውም። እሷ ከቤቷ ተነስታ ወደ እሱ፤ እሱ ደግሞ እሷን ልከተል ብሎ ከእሷው ቤት ተነስቶ ወደ ራሱ። ሁለት ሰው አክብሮት አብዝቶ አንድ ከተማ ገደለ! ሆዷ ሊራራ አንድ ሐሙስ ቀረው። ጣቷ ወደ ትከሻው ሄዶ ግን መንገድ ላይ ቆመ።

«እሺ፣ ተሳሳትክ እንበል። ከተማህ በአንድ ቀን ሲሞላ አላየህም?»

«አየሁ።»

«ከየት መጡ አላልክም?»

«ከተማዬን ወደውት ነው ብዬ… አንቺም የጻፍሽልኝ መንገዱን ወደሽው መስሎኝ…»

«የእኔ የእሳት አደጋ መኪና በርህ ላይ ቆማ?»

«ሁለት ሆነችልኝ ብዬ ደስ አለኝ» አለ፣ በእውነት።

ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ ፈነዳ።

«አባባ፣ አትሳቅ! የሚያስቅ አይደለም!» እሷ ግን መሳቅ ቀርቶ ዓይኗ መሙላት ጀምሯል። «እሱ ነው በሽታህ፣ ታውቃለህ? ሰው ወደ አንተ ሲመጣ ልክ ይመስልሃል። ምን ትቶ መጣ፣ ከኋላው ማን ጨለማ ውስጥ ቀረ፣ አትጠይቅም። ቀስቱስ ስህተት ነው፣ አመንኩ። ክፍሉስ? ቀለሙስ? እህትህ አባቴን የት እንደምታስቀምጥልኝ ስትነግረኝ፣ አንተ ታውቅ ነበር?»

መነጽሩን አወለቀ። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፤ ባሰበት።

«አውቅ ነበር» አለ።

«ምን አልካት?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ዝም አልኩ። እታለም ስትናገር ዝም ነው የምለው። ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ከዚያ አልጋ አጠገብ ተቀምጠህ፣ ከእሱ ጋር ስቀህ፣ ትራሱን አስተካክለህለት፣ ይሄን ስትሰማ ዝም አልክ!»

«ልክ ነሽ።»

«ልክ ነሽ አትበለኝ! ተከራከረኝ!»

«ምን ብዬ ልከራከር? እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ወደዚህ መምጣት የሚባል ነገር አንድ ቀን እንኳን አስቤው አላውቅም። እምቢ ብዬ አይደለም። አልታየኝም።»

«መነጽር ሠሪ ነህ እኮ!»

እሾኬ በሩን ከፈተችው። የመንገዱ ጩኸት ተግተልትሎ ገባ።

«ሂድ። ወደዚያ የሚሄድ አውቶቡስ ሞልቷል።»

ቦርሳውን አነሳ። አላንገራገረም፤ አለማንገራገሩ ራሱ አንጀቷን አሳረረው። ደፍ ላይ ሲደርስ አባቷ ጠሯት።

«እሾኬ።»

«አባባ፣ እባክህን።»

«አንዲት ጥያቄ ብቻ። ልጁን ‹ና› ብለሽው ታውቂያለሽ?»

«እሱ ራሱ ማወቅ ነበረበት።»

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ። ብለሽው ታውቂያለሽ?»

ብላው አታውቅም። እሱን ቀርቶ ማንንም። ተው፣ አትንካ፣ ልቀቅ፣ ሂድ፤ እነዚህ በአፏ ሞልተዋል። «ና» ግን ካልመጡላት ታዋርዳለች። ተናዳ መጠበቅ ይቀላል፤ የተናደደ ሰው ለምኖ አያውቅም፣ ስለዚህ እምቢ አይባልም። ይሄን ሁሉ ጊዜ ያንን ቃል አልወለደውም ብላ ስትወቅሰው የኖረች ሴት፣ የራሷንም አልወለደችም። አሁን ገባት፤ በዚህ ዕድሜዋ፣ በተከፈተ በር፣ አላፊ አግዳሚው እያየ። ምነው ሌላ ቀን በገባኝ!

የጠረጴዛውን ጠርዝ ጥርቅም አድርጋ ያዘች።

«ና» አለች።

ዞረ።

«ወደዚህ ና። እኔ አልሄድም። አባቴም የትም አይሄድም። ጣሪያው ያፈሳል፣ ግድግዳው አልተቀባም፣ እኔ ጠዋት ጠዋት ሰው አላናግርም፤ ካናገርኩም ክፉ ነው። ግን እፈልግሃለሁ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይነሳል። ስለ አስፋልት ስታወራ መጋረጃ አበላሻለሁ። በቃ ይኸው፣ ለመንኩህ። ና።»

መነጽረኛው አፉን ከፈተ። «ላስብ…»

«አስብ! ቆመህ አስብ። እኔ ሥራ አለኝ» ብላ ማሽኑ ላይ ተቀመጠችና እግሯን ረገጠች። ማሽኑ ክር ሳይገባበት ጨርቁን ይወጋ ጀመር። አየችው፤ አላቆመችም።

እሱ ሱቁ መሃል ቆሞ አሰበ። ሲያስብ ያስታውቃል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጥቅልሎቹን አየ፣ የረጠበውን የጣሪያ ጥግ አየ፣ መጋረጃውን አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ድምፁን ከፈተና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ደረስክ?» አለች ርዕሰ መምህርቷ። «እሺ አለችህ?»

«እታለም…» ድምፁ ተሰበረ። ጉሮሮውን ጠረገ። «እታለም፣ እሷ አትመጣም። እኔ ነኝ ወደዚህ የምመጣው። አባቷም እቤታቸው ነው የሚቆዩት። ሱቄንም እዚህ ነው የምከፍተው።»

«እዚያ? እዚያ ምን አለና?»

ዙሪያውን ተመለከተ። «ዓይን አለ» አለ። «እዚህም ሰው ዓይን አለው።»

«በእኔ ይጀምር!» አሉ አባቷ።

ከዚያ በረዶው ወረደ። አሳድጌህ፣ አስተምሬህ፣ ትኩሳትህን ይዤ አድሬ፣ ለአንዲት መጋረጃ ሰፊ! እሾኬ እግሯን ከማሽኑ አነሳች። ላቡ በግንባሩ ላይ ይወርዳል። ስልኩን አልዘጋውም፤ ዝምም አላለም። እህቱ ትንፋሽ በወሰደች ቁጥር፣ እንደ ልጅ እየተንተባተበ፣ «አውቃለሁ እታለም። ውለታሽን አልረሳም እታለም። አይሆንም እታለም» ይላል። ደግሞ ይወርድበታል፤ ደግሞ «አይሆንም እታለም።» በሕይወቱ ሙሉ ያልተናገረውን አንድ ቃል አሁን እንደ ምስማር እየደጋገመ ይመታዋል።

በመጨረሻ ያ የትምህርት ቤት ድምፅ ከርዕሰ መምህርቷ ጠፋ።

«እኔን ብቻዬን ልታስቀረኝ ነው?»

መነጽረኛው ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

እሾኬ ጥርሷን ነከሰች። ኧረ ምን ዓይነት ነገር ነው! ይህቺን ሴት ለመጥላት ስንት ተዘጋጅታ ነበር። ቢያንስ አንድ ወር ልትጠላት አስባ ነበር። አሁን ደግሞ በአንዲት ጥያቄ ጥላቻዋን ነጠቀቻት። ተነስታ ስልኩ ላይ ጎንበስ አለች።

«እርስዎም ይምጡ» አለች፣ በቁጣ።

«ምን አልሽ?»

«ይምጡ አልኩ። ለመጠየቅም ይሁን ለመቆጣት፣ ይምጡ። በር አለን።»

«ኧረ ቦታ የለም!» አሉ አባቷ።

«ዝም በል አባባ!»

በስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ተሰማ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየም። «አስብበታለሁ» አለች ርዕሰ መምህርቷ፣ ዘጋች።

መነጽረኛው መነጽሩን ፍለጋ ጠረጴዛውን ይደባብሳል፤ መነጽሩ እጁ ላይ ነው። አባቷ ከመጋረጃው ጀርባ አፍንጫቸውን እየሳቡ ጉንፋን ያስመስላሉ። እሾኬ እጁን ይዛ መነጽሩን ወደ ፊቱ መለሰችለት፤ ጣቷም እዚያው፣ ትኩስ ጆሮው አጠገብ ቀረ። እንባዋ ይወርዳል። ልትጠርገው ስትል ይብስበታል። ይሄን ሁሉ ጊዜ ያናደዳት እሱ ነበር፣ እህቱ ነበረች፣ መንገዱ ነበር። አሁን የሚያናድዳት ሁሉ አልቆ፣ ደስታው ራሱ ብቻውን ቀርቶ ደረቷን ይገፋዋል። ደስታ እንዲህ የሚያበሳጭ ነገር መሆኑን ማንም አልነገራትም ነበር።